መውጫ የሌላት መርሴዲስ

(ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፤ ቅዳሜ ረፋድ። ሐምዛ ከአባቱ በወረሰው፣ ከጣሊያን ጊዜ በቀረ የድንጋይ ጋራዥ ውስጥ አንዲት ጥቁር አሮጌ መርሴዲስ ቆማለች። ወለሉ አዲስ ሴራሚክ ነው። የጀርባው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በመጋረጃ ተሸፍኗል። ሐምዛ መኪናዋን በጨርቅ ይወለውላል። አብሮ አደጉ ይበልጣል፣ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ኃላፊ፣ ከረባቱን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል።)

ይበልጣል፦ አማርኛ ነው የማወራህ አይደል? ይችን ብረት ለአንድ ቀን አውጣልኝ ነው ያልሁህ።

ሐምዛ፦ ሰማሁ እኮ።

ይበልጣል፦ ከሰማህ ምነው ትወለውላለህ?

ሐምዛ፦ አቧራ አለባት።

ይበልጣል፦ ስማኝ፤ ቀስ ብዬ ልንገርህ። ነገ የእህቴ የፅዮን ቀለበት ነው። እጮኛዋ በመርሴዲስ ነው የሚመጣ። የማራኪ ሰፈሩ ቤቴ በር ጠባብ ነው፣ መንገድ ዳር ቢያቆመው ደግሞ ባጃጅ ሁሉ እየታከከ ሲቦጫጭረው ሊውል ነው። አንተ ጋራዥ አለህ። ይችን ታወጣለህ፣ ያንን ታስገባለህ። ምኑ ነው የከበደህ?

ሐምዛ፦ አትወጣማ።

ይበልጣል፦ ምነው?

ሐምዛ፦ ሞተር የላትም።

ይበልጣል፦ ተበላሽቶ ነው?

ሐምዛ፦ የለም። ስገዛትም አልነበራት።

ይበልጣል፦ (በሩን ተደግፎ) ሞተር የሌለው መኪና ገዛህ።

ሐምዛ፦ ወንበሯ ሸጋ ነው። ቆዳ ነው፣ ንካው እስኪ።

ይበልጣል፦ ወንበር ካማረህ ሶፋ አትገዛም ነበር? አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሊማሊሞን በጭነት መኪና ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጎማ ያለው ቁም ሳጥን ገዝቶ ይወለውላል።

ሐምዛ፦ ዕቃስ ትይዛለች። ኮፈኑ ውስጥ ኮትና ከረባት አስቀምጫለሁ።

ይበልጣል፦ ሞተር በሚቀመጥበት ኮት?

ሐምዛ፦ ባዶ ነዋ። ታዲያ የት ላድርገው?

ይበልጣል፦ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። ይሁን፣ ና፣ እኔና አንተ እንግፋትና ትውጣ።

ሐምዛ፦ ደፉ አያሳልፋትም። ክረምት ክረምት ጎርፍ እየገባ ሲያስቸግረኝ በኮንክሪት ከፍ አደረግሁት።

ይበልጣል፦ መኪናዋ ውስጥ እያለች?

ሐምዛ፦ አዎ።

ይበልጣል፦ ታዲያ በየት ትውጣ?

ሐምዛ፦ የት ትሄዳለች?

(ይበልጣል ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ይቆያል።)

ይበልጣል፦ አንተ ሰውዬ፣ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው ብዬ ለሰው መናገር አፈርሁ። ኮርኒስ ሠራህላት። መብራት ደረደርህላት። ይኼ መጋረጃ ደግሞ ምንድን ነው? ልብስ ስትቀይር እንዳትታይ ነው?

ሐምዛ፦ ፀሐይ ገብቶ ቀለሙን እንዳያደበዝዘው ነው።

ይበልጣል፦ የምኑን ቀለም?

ሐምዛ፦ የግድግዳውን።

ይበልጣል፦ ግድግዳን ፀሐይ እንዳይመታው የሚሳሳ ሰው ዛሬ አየሁ። ለመሆኑ ይች ነገር ምን ትሠራልሃለች?

ሐምዛ፦ ሰው ይመጣል፣ ይገባል፣ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይበልጣል፦ በእሷ?

ሐምዛ፦ በእግሩ።

ይበልጣል፦ (ይስቃል) ከመጣሁ አይቀር መርሴዲስ ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ። መርሴዲስ ሰውን ይለያል። ባለፈው ክረምት ከሊማሊሞ ማዶ፣ አዲ አርቃይ ያለ አንድ መምህር ለፅዮን ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ጭቃ ረግጠው፣ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ መጡ። «ልጃችሁ በምን ነው የሚመላለስ?» አልኋቸው። «በአውቶቡስ» አሉ። ቁጭ በሉ እንኳ አላልኋቸውም።

ሐምዛ፦ በዝናቡ መለስሃቸው?

ይበልጣል፦ በዝናቡ።

ሐምዛ፦ የልጁ ስም ማን ነበር?

ይበልጣል፦ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ስም ምን ያደርግልኛል?

ሐምዛ፦ ፅዮንስ ምን አለች?

ይበልጣል፦ አለቀሰች። ታልቅሳ። አባታችን ሲሞት ገና ትንሽ ነበረች። እኔ ነኝ ያሳደግኋት፣ እኔ ነኝ ያስተማርኋት። ሆስፒታል ገብታ ነርስ እስክትሆን እኔ በባዶ እግሬ ሄጄ ነው ያደረስኋት ባልልህም፣ ለራሴ ብዬ አንድ ነገር አልገዛሁም። በአውቶቡስ ለሚንገላታ ሰው አይደለም ይኼን ሁሉ የደከምሁ።

ሐምዛ፦ እሱስ ልክ ነህ፣ ደክመሃል።

ይበልጣል፦ እግዜር አየልኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ሽማግሌዎች መጡ። እኔ እንዳንተ ሞኝ አይደለሁም፣ በወጉ ነው የጠየቅሁ። የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት አስቆጠርሁ፤ ከእኛ ጋር የሚነካካ የለም። ከዚያ ፎቶውን አወጡ። መርሴዲስ ውስጥ ተቀምጧል። እዚያው በላሁ፣ እዚያው መረቅሁ።

ሐምዛ፦ ሥራው ምንድን ነው?

ይበልጣል፦ መኪናውን እያየሁ ሥራ እጠይቃለሁ?

ሐምዛ፦ እሱንስ አይተኸዋል?

ይበልጣል፦ እንዲህ ያለ ሰው ጊዜ የለውም፤ ነገ እናየዋለን። መካነ ብርሃን ድረስ ለዘመድ አስነግሬያለሁ። አያ ማሩ፣ ያባቴ ታላቅ ወንድም፣ ዘመዱን ሁሉ ሰብስበው መጥተው እቤቴ ተቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር ሙሽራውን አይደለም፣ መኪናውን ሊያዩ ነው የመጡ። አሁን ገባህ? ነገ ያ መኪና የሚገባበት ካላገኘሁ ባገር ፊት ነው የምዋረድ።

ሐምዛ፦ ፎቶውን ይዘኸዋል?

ይበልጣል፦ (ስልኩን እያወጣ) እየው፤ ዐይንህ ይከፈት። ስሜን ተራራ ላይ ነው የተነሳ። ከኋላው ዋልያ ቆሟል፣ አየኸው? ዋልያ የሰው ኮቴ ሲሰማ ገደል የሚገባ አውሬ ነው። ይኼን ሰው ግን አክብሮ ቆመለት።

ሐምዛ፦ (ስልኩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ያያል) ዋልያው ሸጋ ነው።

ይበልጣል፦ መኪናውን እይ እንጂ።

ሐምዛ፦ አንዱ ቀንዱ ግን ያጥራል።

ይበልጣል፦ ጎን ለጎን ስለቆመ ነው። ካሜራ እንደዚያ ያደርጋል።

ሐምዛ፦ የለም። ሰዓሊው ቀለም አልቆበት ነው።

ይበልጣል፦ የምን ሰዓሊ?

(ሐምዛ ስልኩን ይመልስለታል። ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄድና መጋረጃውን ይስባል። ግድግዳው ሙሉ የስሜን ተራራ ተስሎበታል። ገደሉ ጫፍ ላይ አንድ ዋልያ ቆሟል፤ አንዱ ቀንዱ አጭር ነው። ይበልጣል ስልኩን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል፣ መኪናዋን ያያል፣ እንደገና ስልኩን ያያል።)

ይበልጣል፦ ይኼ ሰው… እዚህ መጥቶ ነበር?

ሐምዛ፦ መጥቷል። ደመቀ ይባላል። አዲ አርቃይ ያስተምራል። ኮቱም የእኔ ነው፣ ኮፈኑ ውስጥ አለልህ። ሰው ለፎቶ ይመጣል ያልሁህ እኮ ነው።

ይበልጣል፦ ለፎቶ መቼ አልኸኝ? ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል ነው ያልኸኝ።

ሐምዛ፦ ታዲያ ሌላ ምን ያደርጋል?

ይበልጣል፦ ያ የአዲ አርቃዩ መምህር ነው? ያባረርሁት?

ሐምዛ፦ ስሙን ብትጠይቅ ኖሮ እነግርህ ነበር።

ይበልጣል፦ ቀለበቱን አፈርሰዋለሁ። ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ። አጭበርባሪ! እህቴን አታሎ…

ሐምዛ፦ ማንን?

ይበልጣል፦ እህቴን ነዋ።

ሐምዛ፦ ፎቶውን ያነሳችው እኮ ፅዮን ናት።

(ይበልጣል ፎቶውን እንደገና ያያል።)

ሐምዛ፦ ልጁ አልገባም ብሎ በር ላይ ሲግደረደር እጁን ይዛ ያስገባችውም እሷ ናት። መሪውን ጨምድዶ ሲይዘው «ላላ አድርገው፣ ባለመኪና እንዲህ አይጨብጥም» እያለች ታርመው ነበር።

ይበልጣል፦ (ቀስ ብሎ) ስለ እኔስ ምን አለች?

ሐምዛ፦ ተወው።

ይበልጣል፦ ንገረኝ።

ሐምዛ፦ «ወንድሜ ሰው አያይም፣ መኪና ነው የሚያይ። በሚያየው ይምጣለት እንግዲህ» አለች። እንባዋ እየወረደ ነበር። ዋልያውን ስታየው ነው የሳቀች።

(ይበልጣል ከፍ የተደረገው ደፍ ላይ ይቀመጣል። ከረባቱን ያላላል።)

ይበልጣል፦ ፊት ለፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ሐምዛ፦ ነግራህ ነበር። አለቀሰች አላልኸኝም?

ይበልጣል፦ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሐምዛ፦ እኔ ብዙ አላውቀውም። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በዚያ አውቶቡስ ሊማሊሞን ወጥቶ እሷን ሊያይ ይመጣል። ክረምቱንም አልቀረም። ከረባት ማሰር አይችልም፣ እኔ ነኝ ያሰርሁለት።

ይበልጣል፦ ክረምቱን በሙሉ? ያንን መንገድ?

ሐምዛ፦ ወላሂ።

ይበልጣል፦ (ወለሉን እያየ) እኔ ለአንዲት እህቴ ብዬ እንኳ ያንን መንገድ በክረምት አልሄድም ነበር። ቃሌንም ሰጥቻለሁ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይምጣ። በአውቶቡስም ይሁን በእግሩ ይምጣ፣ እኔው ራሴ በር ላይ ወጥቼ እቀበለዋለሁ። ለፅዮን እንደዚያ ብሏል በላት።

ሐምዛ፦ አንተው ንገራት።

ይበልጣል፦ እነግራታለሁ። እሷስ ይቅር ትለኛለች። አያ ማሩን ነው የፈራሁ።

ሐምዛ፦ እውነቱን ንገራቸው።

ይበልጣል፦ ምን ብዬ? ሽማግሌ በዝናብ መልሼ እህቴን ለግድግዳ ዋልያ ዳርሁ ልበል? አያ ማሩ ይኼን ከሰሙ ተዝካሬ ላይ ሳይቀር ያወሩታል።

(ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል። ከረባቱን እንደገና ያጠብቃል። መኪናዋን ዞሮ ያያታል፣ ቆዳውን በጣቱ ይነካካል። ወደ ውጭ ገልመጥ አድርጎ ሰው አለመኖሩን ያረጋግጣል።)

ይበልጣል፦ በሩ ይከፈታል?

ሐምዛ፦ ይከፈታል።

ይበልጣል፦ (ገብቶ መሪውን እየያዘ) «አማቻችን እኔን አስነድቶኝ ነበር፤ ለነገው ግን መኪናዋ ጋራዥ ገብታለች» ብዬ ፎቶ አሳያቸዋለሁ።

ሐምዛ፦ ጋራዥ መግባቷስ እውነት ነው።

ይበልጣል፦ እንካ ስልኩን። ዋልያውም ይግባ። ደግሞ የቆመች እንዳትመስል፤ እየነዳኋት አስመስለህ አንሳኝ።

ሐምዛ፦ (ስልኩን አነጣጥሮ) እሺ። እንግዲያው አትነቃነቅ።