ቅሬታ ያለው ሰብሳቢ ነው

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፦ የኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነና እትዬ ኮሚቴ ገና ያላገኙት። ሦስተኛ ዓይነት ሰው አለ የሚል ካለ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈራችን ብቅ ይበል፤ ለምሳ ሲመለስ የአንድ ነገር ሰብሳቢ ሆኗል።

ክብርት እትዬ ኮሚቴ የወጣቶች ማዕከላችን አስተባባሪ ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አሉ። ማርከር ጆሮአቸው ላይ፣ የተጠቀለለ ወረቀት ብብታቸው ስር፣ ፕላስተር እንደ አምባር እጃቸው ላይ። ሌሎች ማዕከሎች ወጣቱን መሪ ለማድረግ ያሠለጥኑታል፣ ቲሸርት ያለብሱታል፣ ፎቶ ያነሱትና ይሸኙታል። እትዬ ኮሚቴ ቲሸርት የላቸውም። ያላቸው አንድ ሕግ ነው፦ «ቅሬታ ያለው ሰብሳቢ ነው!»

እኔ በያጅ ነኝ፤ ሱቄና የማዕከሉ አዳራሽ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ደሜ ፈልቶ ገባሁባቸው።

«እትዬ፣ ልጆቹ ወንበር ሲጎትቱ ጆሮዬን በሉት እኮ!»

ልብ በሉ፤ ይህን ልል የሄድኩት የብረት መቁረጫዬን አጥፍቼ ነው። ማርከሩ ከጆሮአቸው ወረደ።

«ጎሽ፣ አንተን ነበር የምንፈልገው! የድምፅ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ።»

የመጀመሪያው አጀንዳ የእኔ መቁረጫ ሆነ። ጢም ያላበቀሉ አምስት አባላት፣ ተማሪ በሚያጠናበት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብረት እንዳይቆረጥ ወሰኑ። ውሳኔውን ፈርሜ ያጸደቅኩት እኔው ነኝ።

ፀጉር አስተካካዩ «እነዚህ ወጠጤዎች ደጄ ላይ እየተገተሩ ደንበኛ አባረሩብኝ» ብሎ ቢያማርር የመቀመጫ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። አሁን ደጁ ላይ የሚገተር የለም፤ ስምንት ሰው የሚይዝ አግዳሚ አለ። የአግዳሚውን እግር በአርባ ሚሊሜትር ቱቦ የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ቢፈርስ እሱ ይቀራል። «ምን አገባኝ» የምንለው ጎረምሳ ደግሞ «ይሄ ሁሉ ኮሚቴ ምን ይሠራል?» አለ። የኮሚቴ ቅነሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተደረገ። ሦስት ንዑስ ኮሚቴ አቋቋመ።

አንዲት ልጅም ነበረች፤ ድምፅዋ ከከንፈሯ ስለማያልፍ «ሹክሹክታ» እንላታለን። «እዚህ የሚናገሩት ጩኸታሞች ብቻ ናቸው» ብላ እትዬ ኮሚቴ ጆሮ ስር አጉረመረመች። በዚያው ቀን የስብሰባ መሪ ሆነች። ለአንድ ወር ምን እንደምትል የሰማ አልነበረም፤ ለመስማት ሲባል ሰው ዝም ማለት ለመደ።

ዘንድሮ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። አዳራሹ ለኅብረተሰቡ አገልግሎት እየሰጠ ስለመሆኑ ማስረጃ ካልተገኘ ለአሮጌ ጠረጴዛና ወንበር መጋዘን ይሆናል፤ ረቡዕ ጠዋት ተቆጣጣሪ ይመጣል። እኔማ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አሮጌ ጠረጴዛ አይጮህም። ግን ያን ሳምንት ሁለት በር አጣምሜ በየድኩ።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ኮሚቴ ማርከራቸውን ለሹክሹክታ ሰጥተው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ ጋ ቁጭ አሉ። አለቀልን አልኩ።

ተቆጣጣሪው ገባ። ክራቫቱ ከፊቱ ይቀድማል። ጣራውን አየ፣ ከጣራው ስር የተቀመጠውን ባልዲ አየ።

«ይሄ ጣራ ያፈሳል! ይሄ ነው የወጣቶች ማዕከል የምትሉት?»

ሹክሹክታ ተነሣች።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቅሬታ ነው?»

«ምን አልሽ?»

«ያሉት ነገር… ቅሬታ ነው ወይ?»

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ቅሬታ ነዋ!»

«እናመሰግናለን» አለችና ማርከሩን ከፈተች። «የጣራ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ተጠቁመዋል። የሚደግፍ እጁን ያውጣ።»

አርባ እጅ ወጣ። የእኔም።

«ኧረ ልጅቷ! እኔ ለቁጥጥር ነው የመጣሁት!»

«እኔም ለማጉረምረም ነበር የመጣሁት» አለች ሹክሹክታ በዚያች በቀጭን ድምፅዋ፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። «እኚህ ጋሼ ሊጣሉን ነበር የመጡት። አግዳሚውን፣ የጥናት ሰዓቱን፣ ሁሉን ያመጣው እንደ እርስዎ የተናደደ ሰው ነው።»

ሰውየው ዞር ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሰብሳቢዎች ዝርዝር አነበበ። ረጅም ነው፤ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ክራቫቱን ላላ አደረገና ጠየቀ፦

«ሥራው… ምንድን ነው?»

ሥራው ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ካሁን በኋላ የትም አይሄድም። በሁለተኛው ቅዳሜ መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ዝገት ይጠብቁ የነበሩ ስድስት ቆርቆሮዎች አስፈቅዶ አመጣ። እኔ ጣራ ላይ ሚስማር ስመታ መሰላሉን የያዘው እሱ ነው፤ ክራቫቱን ባልዲው ላይ ሰቅሎ። ሪፖርቱ ላይም «አዳራሹ በሥራ ላይ ነው» ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ።

«እትዬ፣ ረቡዕ ዕለት አልፈሩም?» አልኳቸው በኋላ።

«እንዴት አልፈራም! ሁለቴ ሽንት ቤት ሄጃለሁ። ለምን በሩ ጋ የተቀመጥኩ መሰለህ?»

ጣራው ካለቀ በኋላ ለሦስት ሳምንት የሚጠራኝ ጠፋ። ሱቄ ውስጥ ጸጥታ ሆነ፤ አምስት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ጸጥታ። አልተመቸኝም።

ባለፈው ቅዳሜ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ። ገፋሁት፣ መለስኩት፣ እንደገና ገፋሁት።

«እትዬ፣ ይሄ በር ይጮኻል እኮ!»

ማርከሩ ከጆሮአቸው ሲወርድ አየሁ። የማጠፊያ ዘይቱን ከሱቄ ስወጣ ኪሴ ከትቼው ነበር።