የእመቤት ጽጌ ለቅሶ በአርካዊት

ዛሬ ግቢዬ እስኪሞላ ሰዎች ለቅሶ ደረሱኝ። የሞተብኝ ሰው ግን የለም!

ቆዩ፣ አትሳቁ። እሺ ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ።

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ገጽ ላይ በኦንላይን ጌሞች ላይ ረጅም ነገር ጽፌ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። የምንጫወተው የጠንቋይና የዘንዶ ጌም «ድባብ» የሚባል መስመር አለው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሻማ ብታበራ፣ ዝናብ ብታዘንብ ይወጣል። ቀልድ ብታወራ ይወርዳል። በማይክ ድምፅህን ሁሉ እየሰማ ይመዝንሃል።

እኔም «ዛሬ ሐዘንን በመስመር የለካ ማሽን ነገ ጸሎትን በኪሎ ይሸጥልናል» ብዬ ተሳለቅሁበት። ላይክ ዘነበልኝ። ብዙ ያነበበ ሰው ሲሳለቅ ደስ ይላችኋል፣ አውቃችኋለሁ!

አሁን ወደ ውርደቴ።

እዚህ ካርቱም ዓርብ ዓርብ የምንጫወት ሦስት ሐበሾች ነን። ሌላው ዓለም ጊልድ ይለዋል፤ እኛ ማኅበር እንለዋለን። ዮናስ ቡሪ ሰፈር ስልክ ይጠግናል። አልማዝ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው። ሦስተኛው እኔ፣ የአርካዊት ሰፈሩ ሽበታም።

አልማዝ በጌሙ ውስጥ እመቤት ጽጌ ናት። አረንጓዴ ፀጉር፣ የብር ጋሻ፣ የራሷ ግንብ። ሳምንቱን ሙሉ «አልማዝ ነዪ፣ አልማዝ ሂጂ» ስትባል የምትውል ልጅ ዓርብ ሲደርስ በር የሚከፍቱላት ዘበኞች አሏት። ይህችን ሴት ዓርብ በዓርብ፣ ለዓመታት ነው የሠራቻት።

ባለፈው ዓርብ ድልድይ ላይ እየተዋጋን ሳለ አል-ጣኢፍ «ከህረባ»፣ ማለት መብራት፣ ጠፋ። መብራቱ ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎት ሄደ። እመቤት ጽጌ እጇን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። ዘንዶው መጣና በላት።

በዚህ ጌም የሞተ ይጠፋል። መዳኛው አንድ ብቻ ነው፦ ጓደኞቹ አስከሬኑ ዘንድ ሻማ አብርተው ያለቅሱለታል። ሻማው ሲያልቅ የሐዘኑ ድባብ ሞልቶ ከተገኘ ሟች ይነሣል። ካልሞላ ግንቡም፣ ጋሻውም፣ ፀጉሩም እስከ ወዲያኛው ይደመሰሳል።

ዛሬ ከሰዓት ከየቤታችን ሆነን ጌሙ ውስጥ ተሰበሰብን። አልማዝ የመንፈስ ልብስ ለብሳ ከገዛ አስከሬኗ ራስጌ ተቀመጠች። ዮናስ ዝናቡን ለቀቀው። አልማዝ ለእኔ የሰጠችኝ ትእዛዝ አንድ ነበር።

«ጋሼ፣ እባክህ ዛሬ ፍልስፍና የለም!»

አልማዝ፣ ሟቿ ራሷ፣ ለራሷ ሙሾ ጀመረች።

«ጋሻሽ ብር ነበረ፣ ግንብሽም ድንጋይ፣
መብራት ጠፋ ተብሎ ሰው ይሞታል ወይ?»

መስመሩ ተተኮሰ! ድምፅዋ የምር ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እኔ ምን አደረግሁ?

ማንኛውም ሐበሻ ሽማግሌ የሚያደርገውን!

«በቃ፣ በቃ እናቴ። ተይ እንግዲህ። እግዜር ያጽናሽ።»

አመለጠኝ! ለቅሶ ሲበዛ ማስተው የትልቅ ሰው ሥራ አይደል? አልማዝም ጨዋ ያሳደጋት ናት፤ ትልቅ ሰው ተይ ሲላት ዝም አለች። ዮናስ ደግሞ ሐዘንተኛዋን ሊያጫውት «ይልቅ ዛሬ አንዱ ሰውዬ ስልኩን ፉል ሳህን ውስጥ ጥሎት፣ ከነፉሉ አላመጣልኝም!» አለ። እኔ ሳቅሁ።

መስመሩ ተፈጠፈጠ።

«ጋሼ! ገደልከኝ!» አለች አልማዝ።

ከሻማው የቀረው ጉማጅ ነው። አልማዝ ልታለቅስ ብትሞክር ንዴት ቀደማት፤ ንዴት ደግሞ ለሐዘን አይቆጠርም። ዮናስ ሲያለቅስ የታሰረ ፍየል ይመስላል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ግቢዬ ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር፣ ስልኬን ወንበር ላይ አቁሜ፣ ያ ሐዘን አይለካም ያልኩት ሰውዬ ተነሣሁና ደረቴን መታሁ።

«ወይኔ! ወይኔ እመቤት ጽጌ! ማንን ልበል!»

መስመሩ ወጣ። ጨመርኩ። ብትፈልጉ አትመኑኝ፣ እንባዬ መጣ። የእውነት እንባ!

ያኔ የግቢው በር ተበረገደ።

ጎረቤቴ ሐጅ ዑስማን ነው፣ ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ፣ በነጭ ጀለቢያ። ከኋላው ግማሽ ሰፈር። ሱዳን ለለቅሶ ጥሪ እንደማይጠብቅ እዚህ ስኖር ያላየሁ ይመስል!

ሐጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ ለሟች ጸሎት «አል-ፋቲሓ» አለ። ሁሉም እጁን ዘረጋ። ከዚያ «አል-በረካ ፊኩም»፣ የእነሱን «እግዜር ያጽናችሁ»፣ እያሉ በየተራ አቀፉኝ። ከየቤቱ ወንበር ገባ። ሻይ በትልቅ ትሪ ገባ።

«ማናት?» አለኝ ሐጁ በጆሮዬ።

«እመቤት ጽጌ።»

«እህትህ?»

ምን ልበል? ማስረዳት ብጀምር ድባቡ ይወድቃል፣ አልማዝም ከነግንቧ ትጠፋለች። አዎ ብል ደግሞ ዋሸሁ። አለቀስኩ! ሐጁም አብሮኝ አለቀሰ። በሰፈሩ ጉርምርምታ መስመሩ እንደ ዓባይ በክረምት ሞላ።

ሻማው አለቀ። ከስልኬ ደወል ተሰማ። እመቤት ጽጌ አረንጓዴ ፀጉሯን እያራገፈች ተነሣች።

አልማዝም እልል አለች።

እልልታ! በለቅሶ መሃል! በሙሉ ድምፅ!

ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ ስልኬን አየ።

ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ስልኩን አንሥቼ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ሁሉንም ለሐጁ ነገርኩት፦ ጌም እንደሆነ፣ አልማዝ ማን እንደሆነች፣ መብራት እንዴት እንዳስበላት። አንዱ ሻዩን እንደ ያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርቃት ነበር።

ሐጁ ስክሪኑን ቁልቁል ትክ ብሎ አየው።

«ይሄ ዝናብ ነው?»

«ድባብ ነው ሐጅ።»

«ማሻአላህ» አለ ላቡን እየጠረገ። «እስቲ ድምፁን ጨምርልን።»

ጨመርኩ። በዚያ ሙቀት ግማሽ ሰፈር ሻዩን ይዞ ከስልክ የሚወርድ ዝናብ አዳመጠ። እኔም መስመሩን ማየት ረሳሁ።

በኋላ ሐጁ ብድግ አለ። «ከህረባ የገደላት ሴት የሁላችንም ዘመድ ናት። ከተነሣች ደግሞ ከራማ፣ የምስጋና ድግስ፣ ይገባታል። የሚመጣው ዓርብ ድግሱ እኔ ቤት ነው፣ በግ አርዳለሁ። ልጅቷን ይዘሃት ና። ወላሂ እምቢ እንዳትለኝ!»

«ሐጅ፣ ዓርብ እኛ ጾም ነን።»

«ለእናንተ ፉል! ያላ፣ አለቀ!»

የአልማዝ ማይክ ክፍት ነበር።

«ጋሼ፣» አለች ሰዎቹ ሲወጡ፣ በቀስታ፣ «ያ ሁሉ ሰው የመጣው ለእኔ ነው?»

«ለአንቺ ነው።»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። ቀጥላ፣ «ታዲያ ፀጉሬን አረንጓዴ ልቀባ?»

እንግዲህ የድሮውን ፖስቴን አላጠፋውም፤ ለቅጣት እዚያው ይሰቀል። ከእናንተ የምፈልገው ምክር ነው። ዓርብ እዚያ ድግስ ላይ ልጅቷ በደስታ ማልቀስ ከጀመረች፣ ይሄ «በቃ፣ ተይ» ማለት የለመደ አፌን ምን ላድርገው? ቀድሜ በፉል ልሙላው?