የአክስቴ ድንኳን ጣና ላይ

ዘነበች በደለችኝ። የበደሏን ዓይነት ግን ሰምቼም አንብቤም አላውቅ፤ እኔ ደግሞ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር የማነብ ሴት ነኝ።

ይህች ጓደኛዬ ነርስ ናት። ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ፣ ሌላው ሬዲዮ ያመጣል፣ እሷ ወሬ ይዛ መጣች። እዚያ ሰው ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ሸራ ይዞ፣ በነፋስ ብቻ ሐይቅ ላይ ይሄዳል አለች። ምነው፣ ጀልባ አልቆባቸው ነው? አልኳት። አስተምርሻለሁ፣ አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽ፣ ሸራውን ትሰፊዋለሽ አለችኝ።

ሳንቃውን አንድ የሰፈራችን አናጢ ሠራው። ሸራ ግን በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል? አቡጀዴ እንኳ በወረፋ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዘነበች የቀበሌውን ድንኳን ተሸክማ ከች አለች። አዋሱኝ አለች። እንዴት? "ጠየቅኳቸዋ!"

አንድ ቀዳዳ ቢወጣበት አሻጥረኞች ተብለን እንደምንታሰር አውቃለሁ። መቀስ አላነሳሁም፤ አጥፌ በሰፋፊ ስፌት ብቻ ያዝኩት።

በማግስቱ እሑድ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ወረድን። ዘነበች እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ ትጮኻለች። ጉልበትሽን እጠፊ! ጀርባሽን ለነፋሱ ስጪ! ከሁሉ በላይ ሸራው የታሰረበትን አግዳሚ እንጨት እንዳትለቂ! እኔ የወንድሜን ሱሪ ታጥቄ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ፣ እወድቃለሁ። በኋላማ ምን ልበላችሁ፣ ነፋሱ መጣና ሳንቃው ሄደ! እልል ልል አፌን ስከፍት ዳር ላይ የጭነት ማኪና ቆመ።

ሰው ወረደ። ሊቀመንበራችን ከፊት፣ ጎረቤቶቼ ከኋላ። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

አዘቅዝቆ የመጣ ሰው ምን ሊያረዳኝ ነው? እናቴን ጧት እቤት ትቻት ነው የወጣሁ። "እናቴን!" ብዬ በሁለት እጄ ደረቴን መታሁ። እንጨቱን በየትኛው እጄ ልያዘው ታዲያ? ሸራው ከላይ፣ እኔ ከታች።

ጎትተው አወጡኝ። ሊቀመንበሩ፣ "እግዜር ያጥና... ማለቴ፣ በርቺ ጓድ" አሉ።

"ማን ሞተብኝ?" ብዬ ጮኽኩ።

ተያዩ። "አክስትሽ ናቸዋ፣ የአምባ ጊዮርጊሷ! ቀብሩ በትውልድ አገራቸው ጎርጎራ ነው ብላ ድንኳን የወሰደችው ዘነበች አይደለች?"

አክስቴ! ትናንት ገበያ መሀል ከበርበሬ ነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ የተውኳት አክስቴ!

ዘነበችን አየኋት። ዓይኗ ይለምነኛል። የሊቀመንበሩ ዓይን ደግሞ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ድንኳን ላይ አርፏል። እውነቱን ብናገር ሁለታችንም ታሰርን። ምን ላድርግ? "ውይ አክስቴ! ውይ አክስቴ!" ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ። ዘነበች እንባዋን እየጠረገች፣ ቀብሩ ማለዳ እንዳለቀ፣ ድንኳኑን ደግሞ ንጹሕ አድርገን ልንመልስ እያጠብነው እንደሆነ ነገረቻቸው። አመኗት!

ማኪናው ላይ ስንሳፈር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እንጨቱን አትልቀቂ አላልኩሽም?" አትለኝም?

"ዘነቡ" አልኳት፣ "የሚቀጥለው ሟች አንቺ ነሽ፤ ድንኳኑን የምዋሰው ደግሞ እኔ።"