የስንዱ መቀናጆ

ሁለት ጎደሎ ሲጣመር አንድ ሙሉ ይወጣዋል የሚል ሰው ወይ ትዳር አልያዘም፣ ወይ በሬ ጠምዶ አያውቅም። እኛ መንዞች መቀናጆን እናውቀዋለን፤ አንድ በሬ ያለው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር አቀናጅቶ በየተራ ያርሳል። በወሬ ቀላል ነው። እስቲ ጥመዱና እዩት!

ይህን ያስነሳኝ የወንድሜ ልጅ ስንዱ ናት። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ቆይታ ለፋሲካ እኛ ዘንድ ዘመሮ መጣች፤ ፊቷ ግን ገና ሕማማት ላይ ነበር።

"ኢንዛይሜ አልሠራ አለኝ፣ እትዬ።"

ኢንዛይም የሚሉት ብቅል ውስጥ ተቀምጦ ገብሱን የሚያጣፍጠው ነገር ነው። እኔ ስሙን ሳላውቅ ጠላ ስጠምቅ ስንት ዓመት አሠርቼዋለሁ! እሷ ታዲያ የገብሱን ኢንዛይም ግማሽ፣ ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር በዓይን ከማይታይ ፍጥረት ኢንዛይም ግማሽ ጋር ገጥማ፣ ሙቀት የማይገድለው ድቅል ልታወጣ ኖሯል። ድቅሉ ሥራ ፈት ሆነ። እሱ ካልሠራ ዲግሪውም የለም።

"ትቼው እዚሁ ልቅር" ስትለኝ ደነገጥኩ።

"የቱን በቀኝ ጠመድሽው?"

"እ?"

"በሬ እኮ ወገን አለው! ባሌና ጎረቤታችን አያ ሽፈራው የተቀናጁ ጊዜ የኛም በሬ የቀኝ፣ የሳቸውም በሬ የቀኝ። ቀንበር ተሸክመው እንደ አስቀዳሽ ቆመው ዋሉ። ሂጂ፣ ቦታ አለዋውጫቸው!"

ስንዱ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። እኔም የተማሩትን ያቃታቸውን እንደፈታሁ ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አወራሁ። ልቅሶ ቤት ሳይቀር!

ሞባይል ዘመሮ የገባ ሰሞን ነበርና፣ ክረምቱ ሲወጣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ቆሜ ድምፅዋን ሰማሁ።

"እትዬ፣ ሠራ! በሙቅ ውሃም ሠራ!"

"ቦታ ስታለዋውጫቸው?"

"ኧረ እሱስ ባሰበት!"

ለካ ኋላ ቅርጹን በመሣሪያ አንስታ ብታየው፣ ሁለቱ ግማሾች መላወሻ አጥተው ተጨናንቀዋል። መሃላቸው ያለውን ማያያዣ ብታረዝመው ጊዜ ሥራቸውን ያዙ።

"ወገናቸውስ ልክ ነበር፤ ቀንበሩ ነው ያጠረው" አለችኝ እየሳቀች።

እንግዲህ ምክሬ ስህተት ነበር። ግን ስህተቱ ልጅቷን ወደ ሥራዋ መለሳት፤ ትክክለኛ ምክር እየተመከሩ ቤት የቀሩ ስንት አሉ! ስንዱ ተመረቀች። ለዘመሮ ሰው ያወራሁትን እየዞርኩ ላርመው አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

የጠየቀኝ የለማ!