በእድር ወንበር የወረዱት ሙሽራ

በሰላምታ ደረጃ ጤና እኩል የተከፋፈለበት አገር ካለ የእኛ ነው። ባለመኪናውም ሊስትሮውም «ጤና ይስጥልኝ» ሲባል እኩል ይደርሰዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከሰላምታው በኋላ ነው። የእኔም እንጀራ ያለው እዚያው፣ ከሰላምታው በኋላ ነው፤ የጤና ፖሊሲ ባለሙያ ነኝ። ምን ትሠራለህ ብትሉኝ፣ ድሃና ሀብታም እኩል እንዲታከሙ ስብሰባ እቀመጣለሁ። የቀጨኔ ጎረቤቶቼ ግን «ዶክተር» ይሉኛል። መርፌ መውጋት አልችልም ብላቸው ትሕትና መሰላቸው።

ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ አንድ ጀርባ ነው። ልጅ ሆኜ የሳንባ ምች ሲጥለኝ፣ ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ እንስራ ተሸክመው ገበያ በሚወርዱበት ጀርባቸው አዝለው ከቀጨኔ እስከ ጳውሎስ ሆስፒታል በእግራቸው ወሰዱኝ። ነጠላቸው ጭቃና ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ዛሬም ስብሰባ ላይ «ተደራሽነት» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣብኛል።

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ እትዬ አስካለን ትንፋሽ አጠራቸው። አምቡላንስ ተጠራ። መምጣቱንስ መጣ፤ ግን የእኛ ቁልቁለት ለሰውና ለፍየል እንጂ ለጎማ አልተሠራምና ታች አስፋልቱ ላይ ቆመ። ቃሬዛ ፍለጋ ወደ እድራችን ዕቃ ቤት ሮጥኩ። «ከመሞት መሰንበት» ይላል ያገሬ ሰው። የእኛ እድር ደንብ ግን ስለ መሰንበት የሚያነሳው ነገር የለም።

ንብረት ያዡ ጋሽ በየነ መነጽራቸውን አደረጉ።

«አርፈዋል?»

«ኧረ አላረፉም ጋሼ፤ እንዳያርፉ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ደንቡ አይፈቅድም። ቃሬዛ የሚወጣው ለሞተ ነው። ትንሽ ቢጠብቁ...» አሉና የቀረውን ዋጡት።

ሌላ ሰው ቢሆን ቃሬዛውን ነጥቆ ይሮጥ ነበር። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ። እስክሪብቶ አውጥቼ የደንብ ማሻሻያ ማርቀቅ ጀመርኩ። «ሕመምተኛ ማለት...» የሚለው ትርጓሜ ላይ ስደርስ፣ የእትዬ አስካለ ልጅ ወይንሸት እያለከለከች ደረሰች።

«ወንበርስ?» አለቻቸው።

የጋሽ በየነ ፊት በራ። «ወንበር ለሰርግ እናውሳለን።»

«በቃ ሰርግ ብለው ይጻፉዋ!»

ጻፉ። የሙሽራ ስም፦ አስካለ።

እትዬ አስካለን ከቤታቸው አውጥተን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናቸውና፣ ከአንድ ጎረቤት ጋር ለአራት ተሸክመን ወረድን። አንዱን እግር ጋሽ በየነ ራሳቸው ያዙ፤ የወንበሩ ኃላፊነት አለባቸው። እኔ በቀኝ እጄ ወንበሩን፣ በግራዬ ረቂቄን ይዣለሁ። እትዬ አስካለ በዚያች በምትቆራረጥ ትንፋሻቸው ወደኔ ዞሩ።

«ምንድነው ወረቀቱ?»

«ማስፈቀጃ ነው እትዬ። ለሌላ ጊዜ በቃሬዛ እንዲሄዱ።»

«እኔ አንተን ሳዝል ማንን አስፈቀድኩ?» አሉና ትንፋሽ ስበው፣ «በሁለት እጅህ ያዝ» አሉኝ።

ረቂቁን ኪሴ ከተትኩ። ከባድ ነበሩ። እኔም ያኔ ቀላል እንዳልነበርኩ የገባኝ ገና ያን ጠዋት ነው።

ተሻላቸው፤ በሳምንቱ ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። ረቂቄም ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቦ፣ ሰፊ ውይይት ተደርጎበት፣ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል። እስከዚያው ግን በሰፈራችን ጠና ያለ ሕመም የያዘው ሰው ማግባት ይኖርበታል።