የጋሽ ብርሃነመስቀል ሰው

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ «ሰው አለኝ» ባይ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይተከል እሱ ይተከላል። ምንም ቢበላሽባችሁ ስልኩን ከኪሱ እያወጣ «ቆይ፣ እኔ ሰው አለኝ» ይላችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ የእናንተ መሆኑ ያከትማል።

የአትላንታው ክቡር ባለ ሙሉ ሥልጣን ጋሽ ብርሃነመስቀል ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት የኤርፖርት ማመላለሻ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ስለወጡ ሙሉ ጊዜያቸውን ለእኛ ሰጥተዋል። ፍሪጄ ሲበላሽ የላኩልኝ ሰው የሒሳብ መምህር ነበር። ፍሪጁን ትክ ብሎ አየው፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ አራት ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጣራዬ ሲያፈስ የመጣው ደግሞ ከፍታ የሚፈራ የታክሲ ሹፌር ነው፤ መሰላሉን የያዘው እሱ፣ የወጣሁት እኔ። ፍሪጁም ጣራውም ተሠርተዋል፤ እንዴት እንደተሠሩ ግን አትጠይቁኝ። ጋሽ ብርሃነመስቀልን ማወቅ ደመወዝ የሌለው ሁለተኛ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ሥራዬ፣ ኢንሹራንስ በመሸጥ፣ በቂ ደክሜአለሁ።

የአክስቴ ልጅ ልዕልት ኮንየርስ ከተማ መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ካርቶን ስታነሳ ጉልበቷ አለቀ። ባለፈው ዓመት የገጠር መስመር ፖስታ አዳይ ለመሆን ተፈተነችና አለፈች። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። በእሷ መስመር አዳዩ የሚሠራው በገዛ መኪናው ነው፤ የፖስታ ሳጥኖቹ በመንገዱ ቀኝ ዳር ስለተተከሉም መሪው በቀኝ በኩል መሆን አለበት። በስምንት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ካላቀረበች መስመሩ ለተከታዩ ይሰጣል። ያላት ዕዳውን ከፍላ የጨረሰችው የጃፓን ፒካፕ ነው፤ መሪው እንደ አሜሪካ ልማድ በግራ።

«መጋዘኑ ከተመለስኩ በእግሬ አልወጣም» አለችኝ። አጋንና አልነበረም።

ታከር በምትባል ከተማ መሪ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያዞር ጋራዥ አገኘን። ባለቤቱ ሚስተር ዴዝመንድ ጃማይካዊ ነው፤ መሪ በቀኝ ሆኖ ሲያይ ያደገ ሰው። አሥራ ሦስት ሺህ ዶላር ጠየቀን። ፒካፑ ራሱ ተሽጦ አሥራ አንድ አያወጣም። ሰውየው ግን አልዋሸም፤ የሚዞረው መሪው ብቻ አይደለም። ፔዳሉ፣ ሽቦው፣ ማሞቂያው፣ የዝናብ መጥረጊያው ሳይቀር ቦታ ይለውጣል፤ ዳሽቦርዱ ደግሞ ከባሕር ማዶ ተጭኖ ይመጣል። አምስቱ ሺህ ለዕቃ፣ ስምንቱ ለጉልበት። ልዕልት ያላት ሰባት ሺህ ነው።

ይህን ጋሽ ብርሃነመስቀል ፊት ማውራት አልነበረብኝም። «ቆይ» አሉ፣ ስልካቸውን እያወጡ።

የመጀመሪያው ሰው ቻምብሊ ከተማ የሚኖር ነበር። እንደ እሱ አባባል መሪ ማዞር አያስፈልግም፤ በቀኙ ወንበር ተቀምጦ ግራ እግርንና ግራ እጅን ዘርግቶ መንዳት ነው። ክቡርነታቸው ዘዴውን በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሞከሩት፤ እኔ በመሪው በኩል በሩ ላይ ተለጥፌ፣ እግራቸው ጭኔን ተሻግሮ ፍሬኑን ሲፈልግ። ያገኘነው የቆሻሻ ገንዳውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ አልኩ በልቤ። ስምንቱ ሳምንት አምስት ተኩል ሆነ።

«ችግሩ ገባኝ» አሉ ጋሽ ብርሃነመስቀል። «ፈረንጁም ጃማይካውም ዋጋ የማይቀንሰው የሚለምነው ሽማግሌ ስለሌለ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ነጠላ የለበሱ አዛውንቶች አስከትለው ጋራዡ ደረሱ፤ እኔ አስተርጓሚ። ሚስተር ዴዝመንድ በእሑድ ሥራ ላይ በመገኘቱ እስከ ዛሬ የሚጸጸት ይመስለኛል። ወንበር አቀረበ፤ እሺ ሳይለን አንቀመጥም አሉ። ውኃ አቀረበ፤ አልጠጡም። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ማን እንደሞተ ጠየቀኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ በአገራችን ሽማግሌ ለጉዳይ ከመጣ እሺ እስኪባል ድረስ እንደሚቆም ነገርኩት። ትንሽ አሰበና መፍቻውን አስቀምጦ እሱም ቆመ።

አርባ ደቂቃ ቆምን። የአንደኛው አዛውንት ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰውየው ተሸነፈ፣ ግን በራሱ መንገድ። ከዕቃው አንድ ዶላር አልቀንስም አለ። አሮጌውን ዳሽቦርድ የሚፈታና አዲሱን የሚያስር፣ በየቀኑ የሚመጣ ሰው ካመጣችሁልኝ ግን ከጉልበቱ ስድስት ሺህ እቀንሳለሁ። ሰው አላችሁ?

«አለኝ» አሉ ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ እና ተቀመጡ።

ሰኞ ጠዋት ልዕልትና እኔ ጋራዡ በር ላይ ሰውየውን ስንጠብቅ ጋሽ ብርሃነመስቀል ራሳቸው ምሳቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። የት አለ ሰውዎ ብላቸው ካቻቪቴውን ከኪሳቸው አሳዩኝ።

ሚስተር ዴዝመንድ ፎርም ሰጣቸው፤ አደጋ ቢደርስብዎ ለማን ይደወል የሚል መስመር አለው። እዚያ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ስልካቸውን አወጡ። በስልኩ ውስጥ ስንት መቶ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ግማሹ ቤቴ መጥቷል። ከላይ እስከ ታች ወረዱ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጡ፣ አጠፉት።

«ናትናኤል» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ «የአንተን ብጽፈው ይከፋሃል?»

ቁጥሬን ነገርኳቸው፤ በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ ጻፉት።

በስምንተኛው ሳምንት ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ። ሚስተር ዴዝመንድ ነው፤ ፎርሙ ላይ ያለኸው ሰው አንተ ነህ ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። ጋሽ ብርሃነመስቀል ዳሽቦርዱ ሥር እንደተኙ ወገባቸው ተይዞ መውጣት አቅቷቸዋል። ስደርስ የሚታየው ጫማቸው ብቻ ነበር።

«ሰው መጣ?» አሉ ከውስጥ።

«መጣሁ ጋሼ።»

ቀስ ብለን ጎትተን አወጣናቸው፤ አግዳሚው ላይ አስተኛናቸው። መኪናው የሚቀርበው ዓርብ ነው፤ ያልታሰረው ብሎን ብዙ ነው። ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ካቻቪቴ ይዤ የማላውቅ ሰው ዳሽቦርድ ሥር ተኝቼ፣ እሳቸው በጀርባቸው ተንጋለው እያዘዙኝ፣ ሚስተር ዴዝመንድ ያበላሸሁትን እየፈታ አንድ በአንድ አሰርኩ። ስልቹ ነኝ፤ በእነዚያ ሦስት ቀኖች ግን አልሰለቸኝም።

ዓርብ ፒካፑ ፖስታ ቤቱ ቀርቦ ተመረመረና አለፈ። ልዕልት በቀኝ ተቀምጣ ስትነዳ ጋሽ ብርሃነመስቀል በግራ፣ ድሮ ፍሬን የነበረበትን ባዶ ወለል በየመታጠፊያው ይረግጡ ነበር። አንድ የፖስታ ሳጥን አጠገብ ቆማ፣ መስኮቱን አውርዳ እጇን ዘረጋችና ደረሰላት። ከዚያ አለቀሰች። ጋሽ ብርሃነመስቀል ወደ ውጭ ማየት መረጡ።

ባለፈው ሳምንት ሚካኤላ የምትባል የማላውቃት ሴት ደወለችልኝ። የሷም ወንድም ፖስታ አዳይ ሊሆን ነው። «ይቅርታ፣ ስልክዎን የሰጡኝ ጋሽ ብርሃነመስቀል ናቸው» አለች። «መሪ የሚያዞር ሰው አለኝ ብለውኝ ነው።»

የሒሳብ መምህሩ ፍሪጄ ፊት ቆሞ ለምን በረጅሙ እንደተነፈሰ የገባኝ ያኔ ነው። ኢንሹራንስ ሻጭ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። በረጅሙ ተነፈስኩ።

«መኪናው ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።