በአርባ እርምጃ የተፈተነ አመኔታ

ትልቅ ሰው ጡረታ ሲወጣ አገር አንድ ነገር ይጎድልባታል ይባላል። ኡስታዝ ሙዘፈር ጡረታ ሲወጡ ግን የባስራ ከተማ ምንም አልጎደለባትም፤ የጎደለው በእሳቸው በኩል ነው። የሚያዙት ሰው አጡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚዛንና የልኬት ቁጥጥር ኃላፊ ሆነው ሲኖሩ፣ ባስነጠሱ ቁጥር «ይማርዎ!» ብለው የሚነሡ አሥራ ሰባት ሠራተኞች ነበሯቸው። አሁን ቤታቸው ውስጥ ሲያስነጥሱ ባለቤታቸው ነጂባ «መስኮቱን ዝጋው» ትላቸዋለች።

ይህን ያየ ልጃቸው ኪፋህ አንድ ቡልቡል በሽቦ ቤት አድርጎ አመጣላቸው። ጉንጩ ነጭ፣ ከጅራቱ ሥር ቢጫ፣ እፍኝ የማይሞላ ወፍ ነው። በባስራ ግን ቡልቡል ያለው ሰው እንደ ዋዛ አይታይም። ዓርብ ዓርብ ከወንዙ ዳር ባለው ሻይ ቤት የቡልቡል ወዳጆች ማኅበር ይሰበሰባል፤ የሽቦው ቤት ይከፈታል፣ ወፉ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ተመልሶ ጌታው ላይ ካረፈ ጌትዮው የታመነ ሰው ነው። ካልተመለሰ ደግሞ ጌትዮው ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ አጠገብ፣ ሻይ ዘግይቶ በሚደርስበት ወንበር ይቀመጣል።

በዚያው ሰሞን ሃያ ዓመት ማኅበሩን የመሩት ሐጂ ጫሲብ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወንበሩን እንደሚለቁ አስታወቁ። በአርባ እርምጃ ርቀት የተለቀቀ ወፉ የመጣለት ዕጩ ሊቀመንበር ይሆናል ተባለ። ኡስታዝ ሙዘፈር ማመልከቻቸውን ያስገቡት ወፉ ቤታቸው በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። ሰው ሥልጣን አማራቸው ብሎ አማቸው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የናፈቃቸው ሥልጣን ሳይሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ «የት ቀሩ?» የሚባል ሰው መሆን ነበር።

ሥራው በዕቅድ ተጀመረ። «የአመኔታ ማስገኛ ዕቅድ» ይላል ርእሱ፤ ሦስት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ኡስታዝ ሙዘፈር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከሽቦው ቤት ፊት ቆመው፣ የሥራ ልምዳቸውን ከቅጥር ደብዳቤያቸው ጀምረው አነበቡለት። የደረጃ ዕድገቶቹ ጋ ሲደርሱ ወፉ ጀርባውን ሰጣቸው። «በውይይቱ ላይ ወፉ የተለየ አቋም አንጸባርቋል» ብለው መዘገቡ። በሁለተኛው ምዕራፍ ጣታቸውን በሽቦው መካከል አስገቡ። ወፉ ነከሳቸው። ይህም «ገንቢ አስተያየት ተሰጥቷል» ተብሎ ተመዘገበ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ምግብ ነው። ቡልቡል የሚያምነው ቴምር ያጎረሰውን እጅ መሆኑን የባስራ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ነገር ግን የቀድሞ ኃላፊ ቁጭ ብሎ ቴምር ሲያላምጥና ሲያደቅቅ ቢውል የመሥሪያ ቤቱ ክብር ምን ይሆናል? ስለዚህ ለኪፋህ እናት፣ ለነጂባ፣ በጽሑፍ ውክልና ሰጡ።

«ኡም ኪፋህ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ በእኔ ስም ታጎርሺዋለሽ።»

ነጂባ ወረቀቱን ገልብጣም አየችው። «በአንተ ስም መሆኑን ወፉ በምን ያውቃል?»

«ንገሪው እንጂ!»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ።»

ነገረችውም። በጣቷ ጫፍ ቴምር ይዛ «ይኸውልህ፣ ከክቡር አቡ ኪፋህ» እያለች አጎረሰችው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወፉ ገና ድምጿን ሲሰማ ክንፉን ያርገፈግፍ ጀመር። ዓሣ ስትጠብስ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ልብስ ስታጥብ አረንጓዴ አበባ ባለበት ሻርፗ እጥፋት ውስጥ ተወሽቆ ያንቀላፋል። ክቡር አቡ ኪፋህ ብቅ ሲሉ ግን ዓይንህን ላፈር ብሎ መጋረጃው ጫፍ ላይ ይወጣል። በዕቅዱ መሠረት አፈጻጸሙ ከመቶ መቶ ነበር፤ አመኔታው የተገኘው ሌላ ሰው ላይ መሆኑ ብቻ ነው ያልታቀደው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኡስታዝ ሙዘፈር ላብ አጠመቃቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ብለሽ ነው ያሳመፅሽብኝ?»

«እኔ? አጎረስኩታ!»

«በስሜ?»

«በእያንዳንዱ ጉርሻ ስምህን ጠርቻለሁ። ምናልባት ለዚያ ይሆናል የሚሸሽህ።»

«ኡም ኪፋህ፣ ቀልዱን ተይው። ነገ ያ ሁሉ ሰው ፊት ትቶኝ ቢሄድ፣ ሁለተኛ በዚያ መንገድ አላልፍም።»

ነጂባ አዘነችላቸው። «ታዲያ እኔን ይዘኸኝ ሂዳ። ስጠራው ይመጣል።»

«ሴት? ማኅበሩ ውስጥ? ደንቡስ?»

«አይ ደንብ!» ብላ ሳቀችና ሻርፗን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ አንገታቸው ላይ ጣለችላቸው። «እንግዲያው ይችን ውሰዳት። እሷን ደንቡ አይከለክላትም።»

ዓርብ ደረሰ። ነሐሴ ነው፤ ወንዙ ራሱ ጥላ ፍለጋ የሚሄድ ይመስላል። ኡስታዝ ሙዘፈር ሻርፗን አንገታቸው ላይ ጠቅልለው፣ በኮታቸው ሸፍነው መጡ። ከጠየቋቸው «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ሊሉ ተዘጋጅተው ነበር። ሠላሳ ሁለት ወንዶች አዩዋቸው፤ አንድም የጠየቀ የለም። የማኅበሩ ጨዋነት አስገረማቸው።

አርባ እርምጃ ተቆጠረ። የሽቦው ቤት ተከፈተ። ቡልቡሉ ወጣና ቴምር ዛፉን አንዴ ዞረው፤ ከዚያ ወደ ወንዙ አቀና። ኡስታዝ ሙዘፈር በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር በዓይናቸው ፈለጉት።

ወፉ ከወንዙ ላይ ታጠፈ። ተወርውሮ መጣና አንገታቸው ላይ፣ ከኮታቸው ብቅ ባለው አረንጓዴ አበባ ላይ አረፈ። ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሊቀመንበርነቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አዲሱ ሊቀመንበር ዕንባ ባቀረረ ዓይን ንግግር አደረጉ፤

«ወንድሞቼ! አመኔታ በትእዛዝ አይገኝም። በትዕግሥት፣ ዝቅ ብሎ፣ በገዛ እጅ በማጉረስ እንጂ!»

ጭብጨባው በረደና ሐጂ ጫሲብ ሊያቅፏቸው ቀረቡ። ግራ ቀኝ ጉንጫቸውን ስመው በጆሯቸው አንሾካሾኩ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ጫፏ ወጥታ ትታያለች!»

«ጉንፋን... ጉንፋን ይዞኝ...»

«በነሐሴ? ተው እንጂ አቡ ኪፋህ!» ሐጂ ጫሲብ የሸሚዛቸውን አንድ ቁልፍ ፈቱ፤ ከሥሩ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሮዝ ሻርፕ ብቅ አለ። «እኔ ይኸው ሃያ ዓመት፣ ከውስጥ ነው የማደርጋት።»

ኡስታዝ ሙዘፈር ቀና ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። ያን ሁሉ ሙቀት ችሎ፣ ሠላሳ ሁለቱም ሰው ኮሌታውን እስከ ጉሮሮው ቆልፏል። አንዳንዱ ዓይናቸውን ሲያይ ኮሌታውን ደህና አድርጎ ሰበሰበ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጀመሪያ ውሳኔያቸውን አነበቡ። ወፎች ባለቤታቸው ማን እንደሆነ ብዥታ እንዳይፈጠርባቸው ሲባል፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛዋም ሴት በስብሰባ ዕለት ከሻይ ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ እንድትቆም የሚያዝ ነው።

የተቃወመ የለም። ሠላሳ ሁለት ወንዶች ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ በግራቸው ኮሌታቸውን ይዘው ነበር።